የቤት ውስጥ መርፌ፦ የስቴሮይድ ብልቃጥ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከደቡብ ምዕራብ፣ ከምዕራብና ከሰሜን ከብበው የሚገኙ ከተሞች ናቸው። ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ቢጠቃለሉም ኑሯቸው አሁንም ግማሹ ከተሜ፣ ግማሹ ገጠሬ ነው። በአንዱ አጥር ግቢ ዲቃላ ላም ትታለባለች፤ በሚቀጥለው ግቢ የፋብሪካ ሠራተኛ ተከራይቶ ይኖራል፤ ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ወጣቶች ክብደት የሚያነሡበት ጂም ይገኛል። እነዚህን ሦስት ቤቶች የሚያገናኝና እምብዛም የማይነገርለት አንድ ነገር አለ። እርሱም ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ተገዝቶ፣ ያለ ባለሙያ እጅ በጡንቻ ላይ የሚወጋው የስቴሮይድ መርፌ ነው።

ወገቡን ያመመው «ዴክሳ» ያስወጋል። ላሙ የታመመችበት አርሶ አደር ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ብልቃጥ ገዝቶ ራሱ ይወጋል። ጡንቻ ለማሳበጥ ወይም በሩጫ ለመቅደም የቸኮለ ወጣት ደግሞ በጓደኛው እጅ ጭኑን ይወጋል። ሦስቱም የሚናገሩት ምክንያት ተመሳሳይ ነው፤ «ቶሎ ይሠራል» ይላሉ። በርግጥም ቶሎ ይሠራል። ችግሩ የሚጀምረው ግን ከዚሁ ፍጥነቱ ነው።

አንድ ስም፣ የተለያዩ መድኃኒቶች

«ስቴሮይድ» የአንድ መድኃኒት ስም ሳይሆን የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ስም ነው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ወገኖችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ወገን ኮርቲኮስቴሮይድ ይባላል። ዴክሳሜታዞን፣ ሃይድሮኮርቲዞን፣ ሜቲልፕረድኒሶሎንና ትራያምሲኖሎን በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። ሥራቸው የሰውነትን ቁጣና እብጠት ማብረድ ነው። አስም ሲጠና፣ ብርቱ አለርጂ ሲከሰት፣ ያለ ጊዜው ሊወለድ የተቃረበን ሕፃን ሳንባ ለማጠንከር ሐኪሞች በየዕለቱ የሚጠቀሙባቸው ሕይወት አዳኝ መድኃኒቶች ናቸው።

ሁለተኛው ወገን አናቦሊክ ስቴሮይድ ነው። ቴስቶስትሮን፣ ናንድሮሎን፣ ስታኖዞሎልና ቦልደኖን የዚህ ወገን ናቸው። ጡንቻ ያሳድጋሉ፤ በስፖርቱ ዓለም «አበረታች ቅመም» ተብለው የተከለከሉትም እነርሱ ናቸው። ቦልደኖን በፈረስ ሕክምና የሚታወቅ መድኃኒት ነው።

ሦስተኛው ወገን በገጠርም በከተማም እናቶች የሚያውቁት ነው። በየሦስት ወሩ የሚወሰደው ዴፖ ፕሮቬራ፣ ማለትም የእርግዝና መከላከያው መርፌ፣ ከስቴሮይድ ሆርሞኖች ወገን ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው ከኢትዮጵያ ባለ ትዳር ሴቶች 23 በመቶ ያህሉ በመርፌ የሚሰጥ የእርግዝና መከላከያ ይጠቀሙ ነበር። ስለዚህ የስቴሮይድ መርፌ ለአካባቢው ነዋሪ እንግዳ አይደለም፤ ከአብዛኛው ቤት ደጃፍ ደርሷል። ልዩነቱ የሚመጣው ማን አዘዘው፣ ማን ወጋው፣ ማንስ ተከታተለው ከሚለው ጥያቄ ነው።

የወገብ ሕመምና «ዴክሳ»

ዴክሳሜታዞን በዓለም ዙሪያ ስሙ የገነነው በሰኔ 2012 ዓ.ም. ነበር። በብሪታንያ የተካሄደው «ሪከቨሪ» የተባለው ምርምር መድኃኒቱ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ካሉ የኮቪድ 19 ሕሙማን መካከል ሞትን በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ አሳወቀ። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴርም በቀናት ውስጥ በጠና ለታመሙ ሰዎች እንዲሰጥ መከረ። በዚያው ምርምር ውስጥ ግን ሌላ ውጤት ነበር። ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ሕሙማን መድኃኒቱ አልጠቀመም። ዜናው በሕዝብ ጆሮ ሲደርስ ግማሹ ብቻ ተሰማ፤ የመድኃኒቱ ስም ቀረ፣ ገደቡ ተረሳ።

በሰውነት ውስጥ ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ትናንሽ ዕጢዎች በየቀኑ የራሳቸውን ኮርቲዞል ያመርታሉ። መጠኑ በሃይድሮኮርቲዞን ሲለካ በቀን ከ20 ሚሊ ግራም አይበልጥም። በተለመደው አንድ አምፑል ውስጥ የሚገኘው 4 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታዞን በኃይሉ ከ100 ሚሊ ግራም በላይ ሃይድሮኮርቲዞን ጋር ይስተካከላል። አንድ መርፌ ሰውነት በቀን ከሚያመርተው 5 እጥፍ ያህል ኃይል በአንድ ጊዜ ያስገባል ማለት ነው። የሚሠራበት ጊዜም ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ነው። ሰውየው በማግሥቱ ወገቡ ቀንቶ፣ የምግብ ፍላጎቱ ተከፍቶ፣ ጉልበቱ ታድሶ መነሣቱ ከዚህ የተነሣ ነው። የሕመሙ መንስኤ ግን ካለበት አልተነሣም።

በወተት ከብት ርቢ ለሚተዳደር ሰው ይህ ነጥብ ከሌላው ይበልጥ ከባድ ነው። የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የሌሊት ላብ፣ እየመጣ የሚሄድ ትኩሳት ብሩሴሎሲስ የተባለው በሽታ ምልክቶች ናቸው። ብሩሴሎሲስ ላሞችን የሚያስወርድ፣ ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ነው። የጨነገፈን ጥጃና የእንግዴ ልጅን በባዶ እጅ የነካ፣ ያልፈላ ወተት የጠጣ ሰው ይጋለጣል። የአከርካሪ አጥንት የሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ በወገብ ሕመም ይጀምራል። ሁለቱም በላብራቶሪ ተመርምረው፣ ለሳምንታትና ለወራት በሚወሰድ ተስማሚ መድኃኒት የሚድኑ ናቸው። ዴክሳሜታዞን ግን የሰውነትን የመከላከል አቅም ስለሚያዳክም ጀርሙ ያለ ተቃውሞ እንዲስፋፋ በር ይከፍታል። ሕመምተኛው ተሻለኝ ብሎ ወደ በረቱ ሲመለስ በሽታው በውስጡ ሥር ይሰድዳል። በአንጀት ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ስትሮንጂሎይድስ የተባለ ትል እንኳ በስቴሮይድ ምክንያት ተባዝቶ በመላ አካል ሊሰራጭ እንደሚችል የሕክምና ሳይንስ ያውቀዋል።

ዴክሳሜታዞን ብዙ ጊዜ ብቻውን አይወጋም። ዳይክሎፌናክ ከተባለው የሕመም ማስታገሻ ጋር ተጣምሮ ይሰጣል። ሁለቱ ሲጣመሩ የጨጓራ ግድግዳ የመቁሰልና የመድማት አደጋው ከእያንዳንዳቸው አደጋ ይበልጣል። የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ የደም ስኳሩ በሰዓታት ውስጥ ይንራል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ግፊቱ ይጨምራል።

መርፌው በየሳምንቱ ሲደጋገም ሌላ ምዕራፍ ይከፈታል። ፊት ይከብባል፣ ሆድ ይገፋል፣ እጅና እግር ግን ይከሳሉ። ቆዳ ይሳሳል፣ አጥንት ይሟሽሻል፣ በዐይን ላይ ሞራ ይጋርዳል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ለመወፈር ሲሉ ይህን መድኃኒት የሚወስዱ ወጣት ሴቶች የሚያዩት «ውፍረት» በአብዛኛው የውኃና የስብ ክምችት እንጂ ጤንነት አይደለም። ከሁሉ የከፋው ግን ዕጢው ሥራውን መተዉ ነው። ከውጭ የሚገባው ኮርቲዞል የበዛበት ዕጢ የራሱን ማምረት ያቆማል። ተጠቃሚው ከሳምንታት በኋላ መድኃኒቱን በድንገት ሲያቋርጥ ሰውነቱ ባዶ እጁን ይቀራል። ድካም፣ ማስታወክ፣ የደም ግፊት መውረድ፣ ራስን መሳትና አንዳንዴም ሞት ሊከተል ይችላል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ሲወጋ የቆየ ሰው መድኃኒቱን ማቆም ያለበት በሐኪም ክትትል፣ ቀስ በቀስ ነው።

ከበረት የሚወጣው ብልቃጥ

በእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚገኘው ዴክሳሜታዞን በአብዛኛው በአንድ ሚሊ ሊትር 2 ሚሊ ግራም የያዘ፣ ብዙ ጊዜ የሚቀዳበት ትልቅ ብልቃጥ ነው። አንዲት ላም 400 እና 500 ኪሎ ልትመዝን ትችላለች፤ የሚታዘዝላትም እንደ ክብደቷ ነው። ከዚያው ብልቃጥ 5 ሚሊ ሊትር ቀድቶ ወገቡን ለማዳን የተወጋ ሰው 10 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከሁለት አምፑል ተኩል ጋር የሚስተካከል መጠን ወሰደ ማለት ነው። ከዚህም በላይ የብልቃጡ ክዳን በተደጋጋሚ በመርፌ ተበስቷል፤ ምናልባትም ከላም ጡንቻ በወጣ መርፌ። የእንስሳት መድኃኒት ለሰው የማይሰጠው ስሙ ስለሚለያይ ሳይሆን መጠኑ፣ አያያዙና ቁጥጥሩ ለሰው ስላልተሠራ ነው።

ላሟም ብትሆን ከአደጋው ነፃ አይደለችም። ዴክሳሜታዞን ለከበደች ላም በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ሲወጋ ያለ ጊዜዋ እንድትወልድ ያደርጋል። የእንስሳት ሐኪሞች አውቀው ምጥ ለማምጣት የሚጠቀሙበትም በዚህ ጠባዩ ነው። ሳያውቅ የወጋ አርሶ አደር ግን ጥጃውን ያጣል፤ የእንግዴ ልጁ በማሕፀን ይቀራል፤ ማሕፀን ይመረቅዛል፤ ቀጣዩ እርግዝናም ይዘገያል። የወተት መጠን ይቀንሳል፤ የጡት በሽታ ያለባት ላም ደግሞ ይብስባታል። በሰበታና በሱሉልታ አንዲት የተዳቀለች ላም ለቤተሰቡ የወር ደመወዝ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያና የክፉ ቀን ቁጠባ ናት። በአንድ ብልቃጥ ስሕተት የሚጠፋው ይህ ሁሉ ነው።

ከዚያም ወተቱ አለ። ማንኛውም መድኃኒት የተወጋች ላም ወተቷና ሥጋዋ ለገበያ የማይቀርብበት የመታቀቢያ ጊዜ አላት። የቀኑ ቁጥር በብልቃጡ ላይ ተጽፎ ይገኛል። መድኃኒቱን ራሱ ገዝቶ የሚወጋ አምራች ይህን የሚነግረው ሰው አያገኝም፤ ወተቱም በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። የአውሮፓ ኅብረት ለዕድገት ሆርሞን የተወጋ ከብት ሥጋ እንዳይገባበት ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መከልከሉ የሚያሳየው፣ የመድኃኒት ቅሪት ጉዳይ የጤና ብቻ ሳይሆን የገበያም ጉዳይ መሆኑን ነው።

አምራቹ የሚደርስበት ባለሙያ ሲያጣ ወደ ብልቃጡ መሄዱ የሚያስገርም አይደለም። የሚያስቆጨው አገሪቱ የእንስሳት በሽታ የምትመረምርበት ትልቁ ተቋም፣ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት፣ የሚገኘው በዚሁ በሰበታ መሆኑ ነው። ዕውቀቱ ከበረቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጧል። የጎደለው ከላቦራቶሪው ወደ በረቱ የሚያደርሰው አገልግሎት ነው።

የሱሉልታ ሜዳና የጂሙ በር

ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ የሯጮች መለማመጃ በመሆን በዓለም የታወቀች ከተማ ናት። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ መም የሠራባት፣ የውጭ አገር ሯጮች ሳይቀሩ የሚመጡባት ሥፍራ ናት። በማለዳ በሜዳዋ የሚሮጡት ወጣቶች አብዛኞቹ የአርሶ አደር ልጆች ናቸው፤ በእግራቸው ላይ የቤተሰብ ተስፋ ተጭኗል።

በመጋቢት 2016 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሰባስቲያን ኮ ኢትዮጵያን ከኬንያ፣ ከሞሮኮ፣ ከዩክሬንና ከቤላሩስ ጋር አስቸኳይ ክትትል የሚያስፈልጋቸው አገሮች ብለው ጠሩ። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ የራሷን የፀረ አበረታች ቅመሞች ተቋም አደራጀች፤ ምርመራውም ተጠናከረ። ቢሆንም ፈተናው አላበቃም። በቶኪዮ ኦሊምፒክ የተወዳደረችው የ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ሯጭ ዘርፌ ወንድማገኝ ቴስቶስትሮንና ኢፒኦ ተገኝቶባት በ2024 እ.ኤ.አ. የ5 ዓመት እገዳ ተጥሎባታል።

ለወጣት ሯጮች አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ብዙዎች የተከለከለው የጡንቻ መድኃኒት ብቻ ይመስላቸዋል። የዓለም የፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ግን ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዴክሳሜታዞንን ጨምሮ ማንኛውንም በመርፌ የሚሰጥ ኮርቲኮስቴሮይድ በውድድር ጊዜ ከልክሏል። በኤጀንሲው መመሪያ መሠረት በጡንቻ የተወጋ ዴክሳሜታዞን ከሰውነት እስኪወጣ 5 ቀን፣ ትራያምሲኖሎን ደግሞ እስከ 60 ቀን መጠበቅን ይጠይቃል። ለጉልበት ሕመሙ በመንደር የተወጋ ወጣት ከሁለት ወር በፊት የወሰደው መርፌ በውድድር ቀን ሊይዘው ይችላል። በዚህ ሕግ ደግሞ «አላወቅሁም» ማለት ከተጠያቂነት አያድንም። ሕክምናው ግድ ከሆነ የሕክምና አጠቃቀም ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል።

በጂም ውስጥ ያለው አደጋ ሜዳሊያ የሚያስቀማ ሳይሆን ጤና የሚያስቀማ ነው። አናቦሊክ ስቴሮይድ ጡንቻን ሲያሳድግ የልብን ጡንቻም ያለ ልክ ያወፍራል። መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ፣ ጥሩውን ዝቅ ያደርጋል፤ ደምን ያወፍራል፤ ለልብ ድካምና ለስትሮክ ያጋልጣል። በወንድ ላይ የዘር ፍሬ ይኮማተራል፣ የዘር ፈሳሽ ይቀንሳል፣ ጡት ሊያበቅል ይችላል። በሴት ላይ ድምፅ ይጎረናል፤ ይህም መድኃኒቱ ቢቆም እንኳ የማይመለስ ሊሆን ይችላል። ዕድገቱን ያልጨረሰ ልጅ ከወሰደው የአጥንቱ ጫፍ ቀድሞ ይዘጋና ቁመቱ በዚያው ይቀራል። ወንድነትን እጨምራለሁ ብሎ የጀመረ ወጣት ልጅ መውለድ ሊያቅተው መቻሉ የጉዳዩ መራራ ምጸት ነው።

በቤት መወጋት የሚያዋጣው መቼ ነው?

ይህ ሁሉ ሲባል በራስ እጅ መወጋት በራሱ ወንጀል ወይም ስሕተት ነው ማለት አይደለም። የስኳር ሕመምተኞች ኢንሱሊን በየቀኑ ራሳቸውን ይወጋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው የራስ ክብካቤ መመሪያ ሴቶች ከቆዳ ሥር የሚወሰደውን የእርግዝና መከላከያ መርፌ ራሳቸው እንዲወጉ አማራጭ ሊሰጣቸው እንደሚገባ መክሯል። ይህ መድኃኒት ስቴሮይድ ሆርሞን ነው፤ ግን በአንድ ጊዜ መጠን ተለክቶ፣ ድጋሚ በማይሠራ ትንሽ መወጊያ ታሽጎ፣ ከሥልጠናና ከቀጠሮ ቀን ጋር ይሰጣል።

ልዩነቱን ያመጣው የእጁ ባለቤት አይደለም። ከብልቃጡ ጋር አብረው የመጡት ነገሮች ናቸው፤ ምርመራ፣ የተለካ መጠን፣ ሥልጠናና ክትትል። እነዚህ አራቱ ባሉበት የገበሬ ሚስት ያለ ችግር ራሷን ትወጋለች። በሌሉበት ግን የሠለጠነ ሰው እንኳ ቢወጋ ጉዳቱ አይቀርም፤ ያልታወቀ በሽታን በትክክለኛ ቦታ መውጋት ሕመምተኛውን አያድነውምና።

ለሐኪም ትዕዛዝ ብቻ፦ የጡንቻ መርፌ ሥርዐት

ሐኪም አዝዞለት፣ በነርስ ሠልጥኖ በቤቱ የጡንቻ መርፌ የሚወስድ ሰው የሚከተሉትን ሊያጓድል አይገባም።

አንደኛ፣ እጅን በሳሙና መታጠብ፤ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ማንበብ ያስፈልጋል። የዴክሳሜታዞን ፈሳሽ ጥርት ያለ ነው፤ ደፍርሶ ወይም ዝቃጭ ይዞ ከተገኘ መጣል አለበት። ትራያምሲኖሎን ግን በተፈጥሮው ወተት የመሰለ ነው፤ ይህ ዐይነቱ በምንም ዐይነት ወደ ደም ሥር አይሰጥም።

ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ መርፌ አዲስ ስሪንጅና አዲስ መርፌ መጠቀም ግዴታ ነው። ማፍላት፣ በአልኮል መጥረግ ወይም መርፌውን ብቻ መቀየር በቂ አይደለም፤ የቀረ ደም በስሪንጁ ውስጥ ይኖራልና። የዓለም ጤና ድርጅት በ2000 እ.ኤ.አ. በንጹሕ ባልሆነ መርፌ ሳቢያ 21 ሚሊዮን ሰዎች በሄፓታይተስ ቢ፣ 2 ሚሊዮን በሄፓታይተስ ሲ፣ 260 ሺህ ደግሞ በኤች አይ ቪ እንደተያዙ ገምቶ ነበር።

ሦስተኛ፣ ራሱን ለሚወጋ ሰው አመቺው ቦታ የጭን መካከለኛ ውጫዊ ጎን ነው። በግልጽ ይታያል፤ ትልቅ ነርቭም ሆነ ትልቅ የደም ሥር አይገኝበትም። መቀመጫ ላይ ራስን መውጋት አደገኛ ነው። ከወገብ ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ ነርቭ በዚያ ያልፋል፤ ከተወጋ እግር ሊልም፣ እግርን እየጎተቱ መሄድም ዘላቂ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ ቆዳውን በአልኮል ጠርጎ እስኪደርቅ መጠበቅ፤ መርፌውን በ90 ዲግሪ ቀጥ አድርጎ ማስገባት፤ መድኃኒቱን ቀስ ብሎ መግፋት ይገባል። ቦታው በየጊዜው ይቀያየራል። ያበጠ፣ የቆሰለ ወይም የጠነከረ ቦታ አይወጋም።

አምስተኛ፣ ያገለገለ መርፌ ክዳኑ ተመልሶ አይደፈንም፤ በቆሻሻ ክምር፣ በፍግ ጉድጓድ ወይም በወንዝ አይጣልም። ቆራሌው የሚሰበስበው ፕላስቲክ፣ ሕፃን የሚጫወትበት መሬት፣ በባዶ እግር የሚረገጠው ማሳ ሁሉ በአንድ መርፌ ይመረዛል። ክዳን ባለው ጠንካራ የበረኪና ጀሪካን ሰብስቦ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ትክክለኛው መንገድ ነው።

ለከብትም ቢሆን ተመሳሳይ መርሕ ይሠራል። በአንድ መርፌ ከላም ወደ ላም መሄድ በደም የሚተላለፉ በሽታዎችን በበረቱ ማዛመት ነው። የጡንቻ መርፌ በአንገት ላይ ቢወጋ የኋላ ታፋ ሥጋ ከመበላሸት ይድናል።

ለአፍታ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች

ከመርፌ በኋላ ከንፈርና ፊት ካበጠ፣ ሰውነት በሽፍታ ከተሸፈነ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ወዲያውኑ ወደ ቅርብ ጤና ተቋም መሮጥ ያስፈልጋል። የተወጋው ቦታ ከቀናት በኋላ ከቀላ፣ ከጋለ፣ ካበጠና ትኩሳት ከተከተለው መግል ቋጥሯል ማለት ሊሆን ይችላል፤ በቤት መበጣት የለበትም። ጥቁር ሰገራ ወይም ደም የቀላቀለ ትውከት የጨጓራ መድማት ምልክት ነው። እግር መደንዘዝ ወይም አልታዘዝ ማለት የነርቭ ጉዳት ያመለክታል። በዘይት የተሠራ ስቴሮይድ የተወጋ ሰው ወዲያው ቢያስለውና ደረቱ ቢጨንቀው ዘይቱ ወደ ሳንባው ደርሶ ይሆናል። በጤና ተቋም ለባለሙያው የተወጉትን መድኃኒት ስም ሳይደብቁ መናገር ሕይወት ያድናል፤ የሐኪሙ ሥራ ማከም እንጂ መክሰስ አይደለም።

ኃላፊነቱ የማን ነው?

ነዋሪውን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። የቀን ሠራተኛ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሲሰለፍ የዕለት ገቢውን ያጣል፤ በመድኃኒት ቤት ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይስተናገዳል። በ2011 እ.ኤ.አ. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ብዙ አርሶ አደሮችን ወደ መንግሥት ጤና ተቋም አቅርቧል። ነገር ግን መድኑ የሚሠራው ምርመራና መድኃኒት በተቋሙ ሲገኝ ነው። አባሉ «መድኃኒት የለም» ተብሎ ሲመለስ ተመልሶ የሚገኘው በዚያው በመንደር መርፌ ደጅ ነው።

የቁጥጥሩም ነገር የተከፋፈለ ነው። የሰው መድኃኒት በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንና በክልል ተቆጣጣሪዎች ሥር ይገኛል። የእንስሳት መድኃኒት የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ድርሻ ነው። አበረታች ቅመም ደግሞ የስፖርቱ ተቋም ጉዳይ ነው። ብልቃጡ ግን ይህን ድንበር አያውቅም፤ ከበረት ወደ ጂም፣ ከጂም ወደ መሮጫ ሜዳ ይሻገራል። የአዲስ አበባና የኦሮሚያ አስተዳደር ወሰን በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ በሚገናኝባቸው በእነዚህ ከተሞች፣ ሦስቱ ተቆጣጣሪዎች በአንድነት ካልተንቀሳቀሱ አንዱ የዘጋውን በር ሌላው ክፍት ይተወዋል።

መፍትሔው ከሦስት ነገሮች ይጀምራል። መድኃኒት ቤቶች ስቴሮይድና ፀረ ተሕዋስያንን ያለ ማዘዣ አለመሸጣቸው በተግባር መረጋገጥ አለበት። ለወተት አምራቹ ስልክ ሲደወልለት በረት ድረስ የሚመጣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ አገልግሎቱ ከሌለ ክልከላው ብቻውን ብልቃጡን ወደ ጓዳ ያስገባዋል። የሯጮች አሠልጣኞችና የጂም ባለቤቶች ደግሞ ስለ አበረታች ቅመም የሚሰጠው ትምህርት ዋና ተጠሪዎች መሆን ይገባቸዋል፤ ወጣቱ ከማንም በፊት የሚሰማው እነርሱን ነውና። ከመድኃኒት ጋር የተያያዘ ጉዳት የደረሰበት ወይም ሕገ ወጥ ሽያጭ ያየ ሰው በባለሥልጣኑ ነፃ የስልክ መስመር 8482 መጠቆም ይችላል።

እስከዚያው ድረስ አርሶ አደሩም ከተሜውም በእጁ ያለ አንድ ጥንቃቄ አለው። ብልቃጥ ከመግዛቱ በፊት «ሕመሙ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። የወገቡ ሕመም ከሳምንታት በላይ ከቆየ፣ የሌሊት ላብና ትኩሳት ከተከተለው፣ በበረቱም ላም ካስወረደች መልሱ የሚገኘው ከደም ምርመራ እንጂ ከዴክሳ አይደለም። ለላሚቱም፣ ለባለቤቷም፣ በማለዳ ለሚሮጠው ልጁም የሚበጀው፣ ምርመራ ቀድሞ መርፌ ሲከተል ነው።